ጉዳዩ፦ የሣር ሜዳዬን ስላበላሸው የበልግ ጥገና የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅማ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ግቢዬን ለሰርግና ለልደት የማከራይ ደንበኛችሁ ነኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለተገጣጠሙ ግቢው ባዶውን ነበር። ሣሩን ለማደስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ብዬ አዘዝኳችሁ፤ ግማሹንም ክፍያ አስቀድሜ ሰጠሁ።

የካቲት 24 ቀን የመጡት ሠራተኞቻችሁ መጀመሪያ ያደረጉት ሰርዶውን እስከ አፈሩ መላጨት ነው። «ኧረ ቀስ!» ብላቸው «የጎልፍ ሜዳ እኮ እንዲህ ነው የሚታጨደው» አሉኝ። ጎልፍ ሜዳ ላይ እንዲያ የሚላጨው ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ብቻ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። እሱም ለዚያ የተመረጠ ሣር፣ ለዚያ የተሠራ ማጨጃ አለው። የእኔ ሰርዶ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ መቆረጥ አልነበረበትም። ሰርዶ እንደሆነ በቀላሉ አይሞትም፣ ገበሬ ይጠየቅ። በዚህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤም አልጽፍ።

ያናደደኝ አሸዋው ነው። ውላችን መሬቱ እየተበሳ አፈር እንዲወጣ፣ ቀዳዳውም በሻካራ የወንዝ አሸዋ እንዲሞላ ይላል። ቀዩ አፈራችን ብዙ ሰው ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፤ ውሃ አያሳልፍም፣ ሥሩም አየር ያጣል። ሠራተኞቻችሁ ግን ደረቁን መሬት በመንሽ ወጋ ወጋ አድርገው አለፉት። ጭብጥ አፈር እንኳ አልወጣም። ከላይ ጭቃ የተቀላቀለበት ደቃቅ አሸዋ በተኑበት። መጋቢት ላይ ዝናብ ሲያገኘው እንደ ልስን ያዘ። አሁን ውሃው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ ይተኛል። ማታ ማታ እንቁራሪት ይጮኻል፤ የቦዬ ረግረግ ግቢዬ ድረስ የመጣ ነው የሚመስለው።

ዩሪያውንም ዝናብ ሳይጠብቁ በእጅ በትነውታል። የተራመዱበት ሁሉ በቢጫ መስመር ተቃጥሏል።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። መልሱ ሁሌ «ዝናቡ ያስተካክለዋል» ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19፣ ሰርግ ይዣለሁ፤ ቀብድም ተቀብያለሁ። የተቃጠለው ሣር እስከዚያ እንደማያገግም አውቃለሁ። ቢያንስ ውሃው አይተኛብኝ። እስከ ሚያዝያ 8 ባለሙያ ልካችሁ ደቃቁን አሸዋ ጥረጉልኝ፤ መሬቱንም በትክክለኛው መሣሪያ ብሱልኝ። የተቃጠለውን ከሰርጉ በኋላ መልሳችሁ ትተክላላችሁ። ይህ ካልሆነ የከፈልኩት ይመለስልኝና ሌላ ሰው አሠራለሁ። ቀሪውን ግማሽ ግን ሥራው ሳያልቅ አልከፍልም።

የሜዳውን ፎቶና የውሉን ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ