ዶሚኖ ለሚጀምሩ፦ ከመግፋቱ በፊት መነሻ ገጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ እንጨት ሥራ መሣሪያዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ፌስቱል ዶሚኖ የተባለው የእንጨት ማጋጠሚያ ማሽን በአንድ አንቀጽ ታልፏል፤ በእርሳስ ምልክት አድርጎ መግፋት ብቻ የሚበቃ ተደርጎም ቀርቧል። መግፋቱስ እውነት ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ነው። ጀማሪ እንጨት የሚያበላሸው ግን ከዚያ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። ማሽኑ ቀዳዳውን የሚለካው ከተደገፈበት ገጽ ተነሥቶ ስለሆነ፣ መደገፊያው ከተሳሳተ ስሕተቱን በታማኝነት ይደግመዋል።

ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ፦ ማሽኑ ፑንታውን (መብሻውን ብረት) እያሽከረከረ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ በዚህ ምክንያት ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፎቹ የከበቡ ሞላላ ቀዳዳ ያወጣል። በሁለቱ እንጨቶች ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳ ይወጣና መሐላቸው የተዘጋጀ ተነጣይ ምላስ በኮላ ይገባል። ትንሹ ሞዴል ዲኤፍ 500 የ4፣ 5፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊሜትር ፑንታ ይይዛል፤ ጥልቀቱ በ12፣ 15፣ 20፣ 25 እና 28 ሚሊሜትር ይቆለፋል። ዲኤፍ 700 ከ8 እስከ 14 ሚሊሜትር ፑንታ ይዞ እስከ 70 ሚሊሜትር ይጠልቃል። ይህኛው ለበርና ለከባድ ጠረጴዛ እግር ነው፤ ቁም ሳጥንና መደርደሪያ የሚሠራ ሰው በትልቁ ቢጀምር ክብደቱ ያስቸግረዋል እንጂ አይጠቅመውም።

የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት ሲሶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለ18 ሚሊሜትር ጣውላ 5 ወይም 6፣ ለ25 ሚሊሜትር 8 ይስማማዋል። ጥልቀቱን ለሁለቱ እንጨቶች እኩል ማካፈል ግዴታ አይደለም። 30 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውን የ5 ሚሊሜትር ምላስ በ18 ሚሊሜትር ጣውላ ገጽ ላይ 12፣ በሌላኛው ጫፍ ላይ 20 አድርጎ መክፈል ይቻላል። ድምሩ 32 ስለሚሆን ለተረፈው ኮላ 2 ሚሊሜትር ቦታ ይቀራል፤ ከገጹ ጀርባም 6 ሚሊሜትር እንጨት ይተርፋል። ቀዳዳው ከዚህ በላይ ከጠለቀ ምላሱ በኮላው እርጥበት ሲያብጥ ከውጭ በኩል ጉብታ ሊታይ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማንኛውም እንጨት ከመቆረጡ በፊት ውጭ የሚታየው ገጽ በእርሳስ ይለይ፤ ታጣፊው መደገፊያም (ከማሽኑ ፊት ያለው፣ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው ክፍል) ሁልጊዜ በዚያ ገጽ ላይ ይረፍ። ቀዳዳው የጣውላው መሐል ላይ መውደቁ ብዙ አያሳስብም፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ገጽ መለካታቸው ግን ያሳስባል። ለምሳሌ የመደገፊያው ከፍታ መርገጫዎች 16፣ 20፣ 22፣ 25፣ 28፣ 36 እና 40 ናቸው፤ 18 የለም። ቁጥሩ የጣውላ ውፍረት ነው፣ ቀዳዳው የሚወጣውም በግማሹ ላይ ነው። ለ18 ሚሊሜትር ጣውላ 16 ላይ ቢያዝ ቀዳዳው ከውጩ ገጽ 8፣ ከውስጡ 10 ሚሊሜትር ይርቃል፤ መጋጠሚያው ግን ፍጹም እኩል ይገጥማል። አንዱን ከውጭ፣ ሌላውን ከውስጥ የለካ ሰው የ2 ሚሊሜትር እርከን ያገኛል፤ ያን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ዘበት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት መደገፊያው 90 ዲግሪ መሆኑ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ይፈተሽ፣ መቆለፊያዎቹም በደንብ ይጥበቁ።

መደርደሪያ ከጎን ጣውላ መሐል ሲገጠም ደግሞ ታጣፊው መደገፊያ አይደርስም። እዚህ ላይ የማሽኑ መቀመጫ ራሱ መነሻ ይሆናል፤ በዲኤፍ 500 ከመቀመጫው እስከ ፑንታው መሐል 10 ሚሊሜትር ነው። መደርደሪያው በጎን ጣውላው ላይ ተጋድሞ፣ ጫፉ ከተሰመረው መስመር ጋር ገጥሞ በሞርሳ (በማጥበቂያ) ይታሰር። መጀመሪያ ማሽኑ በጎን ጣውላው ላይ ተኝቶ የመደርደሪያውን ጫፍ ይበሳል። ከዚያ ይቆምና መቀመጫውን በመደርደሪያው ጫፍ ላይ አስደግፎ ወደ ታች፣ የጎን ጣውላውን ይበሳል። መደርደሪያው ተነሥቶ ሲቆም፣ የተጋደመበት ወገን ላይ ሳይሆን ማሽኑ ቆሞበት በነበረው ወገን ያርፋል። መስመሩን ስታሰምሩ ይህን ያላሰባችሁ እንደሆነ መደርደሪያው ልክ በውፍረቱ ያህል ይዛነፋል። በዚህ አሠራር መቀመጫው ሥር የገባች አንዲት የሰጋቱራ ፍንጣሪ እንኳ ልኩን ታዛባለች፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ መሐል መጥረግ ያስፈልጋል።

የቀዳዳው ስፋት ሦስት ደረጃ አለው። መለስተኛው ከጠባቡ 6፣ ሰፊው ደግሞ 10 ሚሊሜትር ይበልጣል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የመጀመሪያው ቀዳዳ በሁለቱም እንጨቶች ጠባብ ይሁን፣ ቦታውን የሚወስነው እሱ ነው። የቀሩት በአንደኛው እንጨት ላይ በመለስተኛው ቢሰፉ የእርሳስ ስሕተት ይሸፈናል። ሁሉንም ሰፊ ማድረግ የማሽኑን ጥቅም መጣል ነው፣ ሁሉንም ጠባብ ማድረግም ለጀማሪ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ይቅር የማይል ወጥመድ ነው። የስፋት መምረጫው የሚዞረው ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ቆሞ ሳለ ቢዞር በትክክል ላይገባ ይችላል። ይህ ከሌሎች ማሽኖች ልማድ ጋር ስለሚጋጭ ብዙዎች ይዘነጉታል። ፑንታ ሲቀየር ግን ገመዱ የግድ ይነቀል።

ሲበሳ ግራ እጅ መደገፊያውን ወደ እንጨቱ ይጫን፣ ቀኝ እጅ ሞተሩን ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይግፋ። ሞተሩ ከመገፋቱ በፊት ሙሉ ፍጥነቱን ይያዝ። የተቻኮለ ግፊት ማሽኑን ወደ ጎን ያንሸራትታል፤ በጣም የዘገየ ደግሞ እንጨቱን ያቃጥላል። ጠንካራ እንጨት ላይ በተለይ በ8 እና በ10 ፑንታ ዝግታው ይጨምር። አቧራ መሳቢያ ሳይገናኝ መሥራት አይመከርም፦ ሰጋቱራው ቀዳዳው ውስጥ ታጭቆ ፑንታውን ያሞቃል፣ ምላሱም ወለሉ ድረስ እንዳይገባ ይከለክላል። ጥልቀቱ አንሶ ሲገኝ ማሽኑን ከመጠርጠር በፊት ቀዳዳውን ማራገፍ ነው።

ነጭ የእንጨት ኮላ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይቀባ፤ ምላሱ ላይ ብቻ ከተቀባ ሲገባ ይገፈፋል። ውኃው ምላሱን ስለሚያሳብጠው ሥራው በ5 ደቂቃ ገደማ ተገጥሞ በሞርሳ መጥበቅ አለበት። ጣውላን ከጣውላ በጠርዝ ለማጣበቅ ከሆነ ምላሱ ገጾቹን ለማስተካከል ያህል ነው፣ ጥንካሬውን ኮላው ይሰጣል። በየ25 ወይም 30 ሴንቲሜትር አንድ ይበቃል፤ በየ10 ሴንቲሜትር መደርደር ብክነት ነው። ችፑድ ላይ ግን ምላሱ የሚይዘው እንጨቱ ራሱ የሚይዘውን ያህል ነው፤ እዚያ ላይ ጥንካሬ አትጠብቁ።

ምላሶቹ በታሸገ ዕቃ ይቀመጡ፤ እርጥበት ከሳቡ አልገባም ይላሉ። የደረቅ ሙከራ ለማድረግ ከእያንዳንዱ ልክ ጥቂት ምላሶች በብርጭቆ ወረቀት ተቀንሰው ይዘጋጁ፣ በእጅ ገብተው በእጅ እንዲወጡ። እነዚህን በቀለም ምልክት ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅለው በኮላ ከገቡ መጋጠሚያው ይላላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ባለሙያ