ሌዲ ሞንደግሪንን ታውቃታለህ?

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፍተን ከረምን። የኑሮውን ሩጫ ሌላ ቀን አወጋሃለሁ። ዛሬ የጻፍኩልህ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መዝገበ ቃላት እየተሻማን ስላደግን፣ ካንተ ቀድሞ ሊሰማው የሚገባ ሰው አልታየኝም።

ቃሉ ሞንደግሪን ነው። ያወጣችው ሲልቪያ ራይት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1954። ልጅ ሳለች እናቷ አንድ የቆየ የስኮትላንድ ግጥም ያነቡላት ነበር። ግጥሙ መስፍኑን ገደሉት ይልና «ሌይድ ሂም ኦን ዘ ግሪን» ብሎ ይቀጥላል፤ ሣሩ ላይ አጋደሙት ማለቱ ነው። በልጅቷ ጆሮ የገባው ግን «ሌዲ ሞንደግሪን» ነው። በቃ፣ በልቧ አንዲት እመቤት ተፈጠረች። ከመስፍኑ ጋር የተገደለች፣ እስከ ሞት ያልከዳችው። ኋላ እውነቱን ስታውቅም እመቤቲቱን መተው አልሆነላትም። እንዲያውም ተሳስቶ የተሰማው ከዋናው ይበልጣል ብላ ተከራከረች። እኔም ከሷ ጋር ነኝ። ብቻውን ከሚሞት መስፍን አጠገቡ ሰው ያለው ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ዘፈን ወይም ግጥም አሳስቶ መስማት ሞንደግሪን ተባለ። እኛም በልጅነታችን ከሬዲዮ ዘፈን ስንት ነገር ፈጥረን ነበር! የምታስታውሰውን ጻፍልኝ። እንዲጠፋ አልፈልግም።

ሊፖግራም የሚባልም አለ፤ አንድን ፊደል ሆን ብሎ ሳይነኩ መጻፍ። ኧርነስት ቪንሰንት ራይት የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1939 ከ50,000 ቃላት በላይ ያለው ልብ ወለድ ያለ «ኢ» (E) ፊደል አሳተመ። በእንግሊዝኛ ከሁሉም የምትበዛው ፊደል እኮ እሷ ናት! «ዘ» (the) ማለት እንኳ አይቻልም። እጁ እንዳያመልጠው የታይፕራይተሩን «ኢ» አስሮት ነበር። ከሁሉ የከበደው ያለፈ ጊዜ ግስ እንደሆነ ራሱ ጽፏል፤ አብዛኛው በ«ኢዲ» ነው የሚያልቀው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያስቀናኛል።

በአማርኛ ብንሞክረውስ? «ነ» ትውጣ፤ ከነ እስከ ኖ ሰባቱም። «ነው» የለም፣ «ነበር» የለም፣ «እና» የለም። «ቤቱን» ብሎ ነገር የለም። «እንደምን ነህ» ብለህም አትጀምርም። መልስህን በዚህ ሕግ ጻፍልኝ፤ አንድ ገጽ ይበቃኛል። እኔም የራሴን ጀምሬያለሁ።

የናፈቅኸው ወንድምህ