ኮሎኝ ለምትኖረው ልጄ፦ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሊጡና ስለ ባቡሩ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ብርዱን ለመደው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ቤት ማግኘታችሁን ሰምተን ደስ ብሎናል። ስለ ቤቱ፣ ስለ እንጀራውና ስለ ጉዞው የጠየቅሽኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እንዲህ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። የጉዞውን ክፍል አባትሽ ነው ያስጻፈኝ።

ከሁሉ በፊት አድራሻችሁን አስመዝግቡ። ቤቱ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ፓስፖርታችሁን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንና አከራያችሁ ፈርሞ የሚሰጣችሁን ‹‹ቮኑንግስጌበርቤሽቴቲጉንግ›› የሚሉትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የኪራይ ውል ይህን አይተካም፤ ሰው ቀጠሮው ላይ ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለሰው በዚህ ነው። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። ኦርቶዶክስ ብላችሁ በትክክል አስሞሉ፤ ‹‹ያው ክርስቲያን ነው›› ተብሎ ካቶሊክ ወይም ኢቫንጌሊሽ (ፕሮቴስታንት) ከተጻፈ ከገቢ ግብራችሁ ላይ 9 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር በየወሩ ይቆረጣል። የሚሰጧችሁን ወረቀት ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በፖስታ ነው የሚመጣው፦ ባለ 11 አሃዙ የግብር ቁጥር፣ የባንክ ካርዱ፣ የምስጢር ቁጥሩ። አንቺ በአባትሽ ስም፣ ባለቤትሽ በአባቱ ስም ስለምትጠሩ ደወሉም የፖስታ ሳጥኑም ላይ የሁለታችሁም ስም፣ ፓስፖርት ላይ ባለው ፊደል ይለጠፍ። ፖስተኛው የማያየውን ስም ‹‹አይታወቅም›› ብሎ ይመልሰዋል፤ ቀጠሮም ቅጣትም አብሮ ይመለሳል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለሁለታችሁም በየስማችሁ ሊደርሳችሁ ይችላል። ክፍያው ለአንድ ቤት አንድ ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። አንዳችሁ ክፈሉና ሌላው የከፋዩን ቁጥር ጽፎ ይመልስላቸው። ዝም ማለት ግን አያዋጣም።

የልደት ቀናችሁን ነገር ደግሜ እላለሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ 7 ዓመት ነው የሚጨመረው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በእነርሱ 11.09.1997 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚጨምር አስተርጓሚ 1998 ብሎ ይጽፈዋል፤ ፓስፖርትሽና የልደት ወረቀትሽ የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። ከዚህ የሚላክ ማናቸውም ሰነድ ከመተርጎሙ በፊት ቀኑን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዪው።

አሁን ወደ ቤቱና ወደ ወጥ ቤቱ። ኪራዩን ስትሰሙ ‹‹ቀዝቃዛው›› ስንት፣ ‹‹ሙቁ›› ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቀዝቃዛው የቤቱ ብቻ ነው፤ ሙቁ የማሞቂያውን፣ የውኃውንና የቆሻሻውን ግምት ይጨምራል። ግምት ስለሆነ በዓመት አንዴ ሒሳብ ይሠራል፣ ተጨማሪ ክፈሉ የሚልም ይመጣል። ስለዚህ ከደመወዝ ትንሽ ትንሽ ለዚያ አስቀምጡ። ማስያዣው ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ የለበትም።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ላኩልኝ ያልሽውን አልላክሁም። የጀርመን ሶኬት መስመር በተለምዶ 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3,680 ዋት። ትልቁ የእኛ ምጣድ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። በዚያው መስመር ላይ ውኃ ማፍያ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ከተሠራ ደግሞ ገመዱ ይቀልጣል። ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ የማይዝ፣ ክዳን ያለው ጠፍጣፋ መጥበሻ ግዢና በምድጃው ላይ ጋግሪ። እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይኑ አያንስም።

ሊጡን የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ባሕር ዳር በሁለት በሦስት ቀን የሚደርሰው ሊጥ 18 ዲግሪ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። ማሞቂያው ላይ አታስቀምጪው፣ ከታች ይበስላል። ኦቨኑ ውስጥ እሳቱን ሳታበሪ አምፖሉን ብቻ አብርተሽ አሳድሪው፤ ኦቨኑ ላይም ወረቀት ለጥፊ፣ ባለቤትሽ ዳቦ ላሙቅ ብሎ እንዳይለኩሰው። ሲደርስ የላዩን ውኃ ቀንሺ፣ አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ ውኃ አብሲት ጣይ፣ ለብ እስኪል ጠብቀሽ መልሺው። ትኩሱን ከመለስሽው እርሾው ይሞትና እንጀራው ዓይን ያጣል። ሐምራዊ ወይም ጥቁር ነጥብ ካየሽ ከነእርሾው ድፊው። ንጹሑን እርሾ አንድ ኩባያ ሁልጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪ።

እንፋሎቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የክረምታቸው ግድግዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ የምጣዱ እንፋሎት ማዕዘን ላይ ሄዶ ውኃ ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፣ አከራዩም ከማስያዣው ሊቀንስ ይፈልጋል። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መዋል መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ግድግዳውን እያቀዘቀዘ ሻጋታውን ያባብሰዋል። ማሞቂያውን ዝጊ፣ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፈቺ፣ ከዚያ ዝጊና ማሞቂያውን መልሺው። በጋገርሽ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጊው። ቡና ስትቆዪም እንዲሁ መስኮት አጠገብ ይሁን፤ እያንዳንዱ መኝታ ቤት የጭስ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ዕጣን ደግሞ ከቡናው ይልቅ ፈጥኖ ያስጮኸዋል። ባትሪውን ነቅሎ ማስቀመጥ የብዙ ሐበሻ ዘዴ ነው፤ አይደረግም።

ከዚህ ስለሚላከው። ቅቤ፣ ዓይብና የሥጋ ቋንጣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ አይገባም፤ የተነጠረ ቢሆንም ያው ቅቤ ነው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የጣናን አምባዛ ወይም ቀረሶ ሆዱ ወጥቶ በደንብ ደርቆ ከሆነ እስከ 20 ኪሎ ድረስ ለግል ይገባል። ሽታው ልብስሽን እንዳይበላው በሦስት ላስቲክ ይታሸግ። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። የዘጌውን ቡና ግን ቆልቼ ነው የምልክልሽ። ማንም ሰው ‹‹ለዘመድ አድርሺልኝ›› ብሎ የሚሰጥሽን ዕቃ ሳትፈቺ አትያዢ። ጫት ጀርመን ውስጥ ወንጀል ነው፣ አላወቅሁም ብሎ ማምለጥም የለም።

የባቡሩ ነገር ይኸውና። በየወሩ የሚታደሰው ዶይችላንድቲኬት ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 63 ዩሮ ነው። በከተማ ባቡር፣ በትራምና በክልል ባቡር ይሠራል። አይ ሲ ኢ፣ አይ ሲና ኢ ሲ በሚባሉት የረጅም መንገድ ባቡሮች አይሠራም፤ ይህን ያልለየ ሰው ሲቀጣ ይውላል። ቲኬቱ በስም ነው፣ አንዱ ለሁለት አይሆንም። ለማቋረጥ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ማሳወቅ አለባችሁ፤ 11ኛው ቀን ላይ ካስታወሳችሁ የሚቀጥለውንም ወር ትከፍላላችሁ።

ለረጅም መንገድ ርካሹ ቲኬት የተጻፈበት ባቡር ላይ ብቻ ያገለግላል። ሆኖም መድረሻችሁ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደምትዘገዩ ከታወቀ ግዴታው ይነሣል፣ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ሰዓት ከዘገየ ከዋጋው 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል፤ ሳትጠይቁ ግን ማንም አይሰጣችሁም። ስለዚህ ከኮሎኝ ፓሪስ ስትሄዱ በብራስልስ በኩል ሁለት የተለያየ ቲኬት ገዝቶ ጥቂት ዩሮ ማትረፍን አባትሽ አይወደውም፦ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው ላይ መብት የላችሁም። ፓሪስ ሜትሮ ውስጥ ቲኬታችሁን እስክትወጡ ከእጃችሁ አትለዩ። ኔዘርላንድ ውስጥ ጣቢያ ስትገቡም ስትወጡም የጉዞ ካርዱን ማሽኑ ላይ ማስነካት አለባችሁ። ጣሊያን የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት ማሽኑ ላይ ይመታል።

በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ በሼንገን አገሮች ከማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መዘዋወር ይቻላል። ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርቱም ይያዝ፤ ጀርመን ከመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ትፈትሻለች። ሎንዶንና ደብሊን ከዚህ ውጭ ናቸው። ከብራስልስ ወደ ሎንዶን የሚሄደው ባቡር ላይ ፍተሻው ገና ሳትሳፈሩ ስለሆነ ቪዛ ከሌላችሁ ጣቢያው ላይ ትቀራላችሁ፣ የቲኬቱ ብርም አብሮ ይቀራል። የጤና መድን ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለው የአውሮፓ ካርድ ቤልጅየምና ፈረንሳይ ላይ ይሠራል፤ ስዊዘርላንድ፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ላይ ግን የኅብረቱ ዜጋ ላልሆነ አይሠራም። ወደዚያ ስትሄዱ የጉዞ መድን ግዙ።

ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ለእድሳት አመልክቱ። ካርዱ እስኪመጣ ‹‹ፊክጽዮንስበሻይኒጉንግ›› የሚባል ወረቀት ይሰጣሉ። ውስጡ ምልክት የተደረገበትን ሣጥን እዪ፦ አንቀጽ 81 ቁጥር 4 ከሆነ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ቁጥር 3 ከሆነ አይቻልም። ይህን ሳያይ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻ ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሰዓታቸው መጋቢት 20 እሑድ ሌሊት አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል። እስከዚያ የእናንተ ጠዋት 8 የእኛ 4 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ 3 ሰዓት ይሆናል። የዘንድሮ ፋሲካቸው መጋቢት 27 ነው፣ የእኛው ሚያዝያ 4። ስቅለታችን ለእነርሱ ተራ የሥራ ዓርብ ስለሆነ የዕረፍት ጥያቄያችሁን ከአሁኑ አስገቡ፣ የፋሲካችንን ማግሥት ሰኞንም ጨምሩበት።

እኛ እንድንመጣ ያነሣሽው ነገር የሚጀምረው ከእናንተ ነው። ኮሎኝ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የወጪ ዋስትና የምትፈርሙበትን ወረቀት አውጡ። ዋናውን በሚመጣ ሰው ላኪልን፣ ፎቶ አይቀበሉም። ከወጣበት ቀን ከስድስት ወር በላይ ስለማያገለግል የምንመጣበትን ወር ሳንወስን አታስወጡት። የቪዛው ክፍያ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው፣ መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻው አዲስ አበባ ስለሆነ ከባሕር ዳር የምንበርበትን ቀን ከቀጠሮው በኋላ እንይዛለን። አባትሽ ነሐሴን ይላል፤ እኔ ዝናቡን ጥዬ መምጣት አልፈልግም፣ መስከረም ይሁን ብዬዋለሁ። የእናንተ ዕረፍት መቼ እንደሚመች ጻፊልኝ።

እናትሽ