ለአባባ፣ ከሰባተኛው ሲምፎኒ ኖታ ጋር

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ከኳስ ሌላ ወሬ የለውም፤ ትልቋ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ወደ እርስዎ ትመጣለች። የቤትሆቨንን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል፣ አሌግሬቶውን፣ ለእርስዎና ለእሷ አቀናብሬ ልኬያለሁ። ርእሱ ላይ «ለአራት እጅ» ያልኩት እንደ ልማዱ ነው።

ፒያኒስቱ ሊስት ለፒያኖ በሁለት እጅ የሠራውን ግን ከመደርደሪያው እንዳያወጡት። ይህንን ሲምፎኒ በ1837 ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ጋር ቀድሞ ሠራው፤ ዘጠኙም ተሟልተው የታተሙት በ1865 ነው። ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ሲገባ ግራ እጅ ከባሱ ወደ መሐል እየዘለለ ነው የሚጫወተው፤ ጤነኛ እጅም ይፈራዋል። ከእሱ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ፤ የመሣሪያዎቹን ስም ከኖታው በላይ ጽፌያለሁ፣ የማንን ድምፅ እንደሚተኩ እንዲያውቁ።

መክፈቻው የትንፋሽ መሣሪያዎች ኮርድ ነው፤ ኤ ማይነር፣ ኢ ከታች። ኦቦና ክላሪኔት መዶሻ የላቸውም፣ ፒያኖ አለው፤ ቶሎ ከመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ስለዚህ ኮርዱን ከመንካትዎ በፊት ፔዳሉን ይርገጡ። ክሮቹ ሁሉ ስለሚለቀቁ ድምፁ ሞላ ብሎ ይወጣል። ቁልፎቹን በክንድዎ ክብደት ቀስ ብለው ያውርዷቸው፣ ከዚያ ምንም አይጨምሩ። ቤትሆቨን የጻፈው እየጠፋ እንዲሄድ ነው፤ ፒያኖው ይህን ሳይለመን ያደርገዋል።

የማያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቫዮሊን የያዘውን ድምፅ ያሳድጋል፣ ፒያኖ አንዴ ከተመታ አያሳድግም። ስለዚህ ክሬሼንዶውን፣ የድምፁን ማደግ፣ በጣት ጉልበት ሳይሆን በኖታ ብዛት ሠራሁት። የመጀመሪያው ዙር፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ባሶቹ የሚጀምሩት፣ የእርስዎ ቀኝ እጅ ብቻ ነው፤ ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ዙር ዜማው ወደ እሷ ሲሻገር ቪዮላና ቼሎዎች የሚያወጡት ሌላው ዜማ ለእርስዎ ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በሦስተኛው ኦክታቭ ይጨመራል፣ 75ኛው ባር ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። መሐል ሲ አካባቢ አውራ ጣቶቻችሁ ስለሚጋጩ እዚያ የእሷን ግራ እጅ አንድ ኦክታቭ አንስቼዋለሁ። አንድ ረጅም ወንበር ላይ አትቀመጡ፣ ሁለት ይሁን።

ለግራ እጅዎ በየባሩ አንድ ኖታ፣ በአንድ ጣት፣ አነስ ባለ ኖታ ጽፌያለሁ። ቢቀር የሚቀር ነው፤ ሲቀር ግን ከላይ ያለው እንዳይጮህ የልጅቷንም ክፍል ቀለል አድርጌዋለሁ። ሐኪሙ ያለውን ወንድሜ ነግሮኛል። ቢሆንም መስመሩን ባዶ መተው አልሆነልኝም።

ፔዳሉ የእርስዎ ነው። ከታች፣ በባሱ በኩል፣ የተቀመጠው ነው የሚይዘው፣ ሃርመኒው የሚለወጠው ባሱ ላይ ስለሆነ። እኔ ከታች ስቀመጥ ግን ፔዳሉ ከእርስዎ እግር ወጥቶ አያውቅም። እግርዎ ከላይ ያለውን ዜማ እየተከተለ ኮርዱ ሲለወጥ ይዘገያል፣ ድምፁ ይደባለቃል፣ እንግዶቹ የኔ ግራ እጅ ይመስላቸዋል። አክስቴ ቤት ያን ምሽት «አይፍረዱባት፣ እሷ አጃቢ ናት» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። አባባ፣ እንጀራዬ እሱ ሆነ። ዘፋኞቹ ሲለማመዱ ኦርኬስትራው እኔ ነኝ፤ የትኛውን ኖታ ጥዬ የትኛውን እንደምይዝ በየቀኑ የምወስነው እኔ ነኝ። አንድ ቀን መጥተው ቢሰሙኝ ደስ ባለኝ ነበር። አሁን አውሮፕላን ይከለከላሉ አሉ።

ፍጥነቱን ቤትሆቨን በደቂቃ 76 ኳርተር ብሎታል። በ60 ይጀምሩ፣ ከዚያ በታች ግን አይውረዱ፤ አሌግሬቶ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም። ድካም ከተሰማዎት 75ኛው ላይ ሳይደርሱ ያቁሙ። የግፊቱን ክኒን ደግሞ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያሉ እንደሚዘሉት ሰምቻለሁ። ደህና የሆኑት ክኒኑን ስለዋጡት ነው። ፊዚዮቴራፒውም ቢሰለችዎት አይቅር።

ፒያኖውን አሁን አያስቃኙት። ዝናቡ ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ድምፁ ከፍ ስለሚል ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ሐምሌ ጥቂት ከገባ በኋላ ይሻላል። ሲጮህ የነበረውን ፔዳል ግን ዛሬውኑ ያሳዩት፣ ልምምድዎ በእሱ ነው። ያልተመቸዎትን ባር ቁጥሩን እየጠሩ በስልክ ይንገሩኝ። «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለው አይለፉኝ፤ እርስዎ የያዙት ኮፒ ነው፣ ዋናውን በእርሳስ ስለጻፍኩት እቀይረዋለሁ።

ልጅዎ