ይድረስ ለእማዬ፣ ስለ አረቄሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣ ሱሉልታ

እማዬ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ዓይንሽንስ ጭሱ እንዴት እያረገው ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ሚጣዬ ይሄን ስታነቢላት ቀስ ብለሽ አንብቢላት እሺ፣ እየዘለልሽ እንዳይሆን፣ ስለ መጠጥ ስለሆነ ደግሞ እንዳትደነግጥ መጀመሪያ "ልጅሽ መጠጥ አላበዛም" በያት፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ሁለት መለኪያ ነው እሱም ከሰው ጋር።

ባለፈው "እዛ ብርዱን በምን ትችለዋለህ፣ ሰዎቹስ ምን ይጠጣሉ" ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ቁርጥ አለብን። ዛሬ እሁድ ነው ስራ የለኝም፣ ውጪው በረዶ በበረዶ ነው፣ እና ቁጭ ብዬ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እዚህ ፖላንድ መጠጥ ማለት ቮድካ ነው። ስሙ ራሱ "ውሃ" ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው፣ ትንሿ ውሃ እንደማለት። መልኩ ያው ያንቺ አረቄ ነው ኩልል ያለ። ከፍሪዘር ያወጡትና ጠርሙሱን ውርጭ እንዳለበሰው በትንሽ መለኪያ ቀድተው ግልብጥ ያረጉታል፣ ከዛ የኮመጠጠ ኪያር ወይ በጨው የተዘፈዘፈ አሳ ጎረስ። አብዛኛው 40 ዲግሪ ነው፣ በአውሮፓ ህብረት ህግ ከ37.5 በታች ከሆነ ቮድካ ተብሎ አይሸጥም። "የፖላንድ ቮድካ" ተብሎ እንዲጻፍበት ደግሞ እዚሁ አገራቸው ከበቀለ እህል ወይ ድንች መሰራት አለበት። አዎ እማዬ ከድንች! እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። የድንቹ ወፈር ይላል፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ብርድ ሲሆን ደስ ይላል ግን ቶሎ ይሰለቻል። የስንዴው ለስላሳ ነው፣ ለኔ ለስላሳነቱ በዛ፣ ምንም ሳይነግርሽ ነው የሚያልፈው። እኔ የምወደው ራይ ከሚሉት ገብስ መሳይ እህል የሚሰራውን ነው፣ እሱ ከዋጥሽው በኋላ ትንሽ ቆይቶ የዳቦ ጠረን ይመጣል፣ አዲስ ቂጣ ምጣድ ላይ ስትገለብጪው የሚሸተው ዓይነት። መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን ዓይኔን ጨፈንኩና ያንቺ ማድቤት ታየኝ።

ሌላም አለ ዙብሩፍካ የሚባል። ውስጡ አንድ ዘለላ ሳር ይከቱበታል፣ ቢያሎቪዬዣ የሚባል ትልቅ ጫካ አላቸው ጎሽ የሚመስል አውሬ የሚኖርበት፣ ሳሩ በዛ አካባቢ የሚበቅል ነው። እማዬ ሲሸት ቄጠማ ነው! ለበዓል ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ሲጎዘጎዝ፣ ቡናው ሳይቆላ በፊት ያለችው ሽታ። እነሱ በፖም ጁስ እየደባለቁ ነው የሚጠጡት፣ ያም ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ብቻውን ነው የምወደው ሽታው እንዳይጠፋብኝ።

ዊስኪውን ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ልንገርሽ። ስኮትላንዶች ብቅሉን በአፈር ጭስ የሚያጥኑት አለ፣ ከረግረግ መሬት ቆፍረው ያደረቁት አፈር እንደ ኩበት ይነድላቸዋል። ስራ ቦታ ያሉት ልጆች ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል ብለው አልቀመሱትም፣ እኔ ግን ብርጭቆውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፣ ነጠላሽን ነው የሸተተኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። እዚህ ዋርሶ የቮድካ ሙዚየም አለ፣ በፈረንጅ 2018 የተከፈተ፣ ድሮ የቮድካ ፋብሪካ የነበረ ህንጻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ይዞኝ ሄደ። አስጎብኚዋ ድፍድፉ ከስር ይሞቃል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል እያለች ስታስረዳ ሰው ሁሉ በአድናቆት ይሰማል። እኔ እንባዬ መጣ። ያንቺ መቃ ታየኝ፣ ዳር ዳሩን በጭቃ ስትለስኚው፣ እንፋሎት ካመለጠ ብላሽ ነው እያልሽ በጣትሽ ስትዳስሺው። ውሃው ሞቀ ቀይር ስትዪኝ ከጉድጓድ እየቀዳሁ የምሮጠው እኔ ነበርኩ እኮ። መጀመሪያ የሚወጣውንና መጨረሻ የሚወጣውን ይለዩታል፣ የሚፈለገው መሃሉ ነው አለች ሴትየዋ፣ አንቺ የመጀመሪያዋን ለጉልበት ማሻ ነው ብለሽ ለብቻ ታስቀምጪያት የለ? ማን አስተማረሽ? ትምህርት ቤት ገብተሽ አታውቂ፣ ግን ያ ሁሉ እጅሽ ውስጥ ነበር። እንግዲህ ይሄን ለማየት ነው ሰው ትኬት የሚቆርጠው።

እማዬ አንድ ነገር ይቅር በዪኝ። 8ኛ ክፍል እያለሁ ልጆቹ አረቄ አረቄ ትሸታለህ ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን የረሳሁትን ምሳ ይዘሽልኝ ስትመጪ አይቼሽ ከሽንት ቤቱ ኋላ ተደበቅኩ። ዘበኛው ጋ አስቀምጠሽ ስትመለሺ ከኋላ አየሁሽ፣ ቀሚስሽ ላይ አመድ ነበረበት። አንቺ አልሰማሽም፣ እኔ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ደብተሬ የተገዛው በዛ አረቄ፣ ፓስፖርቴ የወጣው በዛ አረቄ። ይቅር በዪኝ።

አከራዬ አሮጊት ናቸው፣ ልክ ባንቺ ዕድሜ። መስኮታቸው ላይ ትልቅ ትልቅ ማሰሮ ጠርሙስ ደርድረዋል፣ ጎምዛዛ ቼሪ በስኳር፣ ከዛ 95 ዲግሪ የሆነ ንጹህ አልኮል ይገዙና በውሃ አቅጥነው ያፈሱበታል። ናሌፍካ ነው የሚሉት። ቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት እዚህ በህግ የተከለከለ ነው፣ ከሱቅ በተገዛ አልኮል መዘፍዘፍ ግን ይቻላል፣ እና እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው። በየቀኑ ጠዋት ጠርሙሱን ያዞሩታል፣ ስኳሩ ከታች ነጭ ሆኖ ይቀመጥና ቀስ እያለ ቀይ ይሆናል፣ ለሳምንታት። ሲደርስ ያጠሉትና እንደገና ለወራት ያስቀምጡታል። ልጆቻቸው ሲመጡ "የእማማ ናሌፍካ" ብለው በኩራት ነው ለእንግዳ የሚቀዱት። እኔም ታዲያ ስላንቺ ነገርኳቸው፣ ኮሶ አረቄሽን፣ የማሩን፣ ዳግሙን ክብሪት ሲጭሩበት በሰማያዊ እንደሚነድ። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

ከዛ ክሩፕኒክ የሚሉትን አሳዩኝ፣ የማር ቮድካ ነው። ማሩን ከትንሽ ውሃና ከቀረፋ ከቅርንፉድ ጋር አሞቅሽ፣ አረፋውን ገፈፍሽ፣ ከእሳት አውርደሽ ራቅ ካረግሽ በኋላ ነው ቮድካው የሚጨመረው፣ እሳት ላይ እያለ ከሆነ ይያያዛል። ከዛ እኔም የራሴን ሞከርኩ፣ ሚጣ የላከችውን ኮረሪማ ወቅጬ ጨመርኩበት፣ ዝንጅብልም ትንሽ። እማዬ አሪፍ ሆነ! ኮረሪማው ከማር ጋር ሲገናኝ ቤቱን ሞላው፣ አሮጊቷ ከታች ፎቅ ሽታው ደርሷቸው መጡ። ለፋሲካ ለሐበሾቹ ልጆች ትኩስ ትኩሱን ቀዳሁላቸው፣ አንዱ ዝም ብሎ ብርጭቆውን እያሸተተ ቆየና ቤታችን ናፈቀኝ አለ። ጤና አዳምም ሞክሬ ነበር፣ ሳምንት ቆየና መረረ፣ ሁለት ቀን ይበቃው ነበር መሰለኝ፣ ወይስ ቅጠሉን ሳይሆን ፍሬውን ነው የምትጨምሪው?

አቡሽን ደግሞ ንገሪልኝ፣ ግሮሰሪ ሄዶ ቱርቦ የሚሉትን እየጠጣ ነው አሉ፣ ቢራውን ከነጭ ወይንና ከስፕራይት ቀላቅለው ኡዞ ወይ ጂን የሚያክሉበት። እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ስኳሩ ነው የሚሸውደው፣ ምን ያህል እንደጠጣሽ አታውቂውም፣ ጠዋት ራስ አይነሳም። ከጠጣ ያንቺን ጠላ ይጠጣ፣ ምግብም ነው።

እና የምለምንሽ፣ ሚጣ ይሄን ሁለቴ አንብቢላት፣ የሚቀጥለውን ስትጠነስስ ስልክሽን ይዘሽ አጠገቧ ሁኚና ከመጀመሪያው ቅጂልኝ፣ ጌሾው ሲወቀጥ፣ ብቅሉ ሲገባ፣ ቂጣው በስንተኛው ቀን እንደሚጨመር። እማዬ እጄ ያውቀዋል ትያለሽ አውቃለሁ፣ እጅሽን ነው የምፈልገው፣ እፍኝሽን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ትመዝንልኝ። ኮሶው ስንት እንደሆነም። አሮጊቷ የእናታቸውን በወረቀት ጽፈው ኪችን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፣ እኔ ያንቺ የለኝም።

ትንሽ ብር ልኬያለሁ፣ በሱ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አሰሪበት፣ ለሌላ ነገር እንዳታረጊው አደራ፣ ለዓይንሽ ነው። የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ኮረሪማ ሩብ ኪሎ፣ አልቆብኛል። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ፣ ከዋርሶ