አውስትራሊያ በለንደን አዋጅ ብቻ አልተመሠረተችም

ለአዘጋጁ፦

ስለ አውስትራሊያ አመሠራረት ያወጣችሁት ጽሑፍ ስድስቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በለንደን ትእዛዝ የተዋሐዱ ያስመስላል። የለንደን ሕግ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በ1897 እና 1898 በጉባኤ ተዘጋጅቶ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በኒው ሳውዝ ዌልስ አብዛኛው መራጭ ቢደግፈውም ቢያንስ 80,000 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ወደቀ፤ ያለፈው ተሻሽሎ በ1899 ነው። ምዕራብ አውስትራሊያማ ድምፅ የሰጠችው ለንደን ሕጉን ካጸደቀች በኋላ፣ በጁላይ 1900 ነበር፤ በሕጉ መግቢያ ላይ ስሟ የሌለውም ለዚህ ነው።

ዋናው እንቅፋት ገንዘብ ነበር። ቅኝ ግዛቶቹ በጉምሩክ ገቢ ይተዳደሩ ስለነበር፣ ይህ ለፌዴራሉ መንግሥት ሲተላለፍ ካዝናቸው እንዳይራቆት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ከተጣራው የጉምሩክና የኤክሳይዝ ገቢ የፌዴራሉን ድርሻ ከአንድ አራተኛ እንዳይበልጥ ገደበው። የ1899ኙ ድርድር ይህን ዋስትና ለ10 ዓመት ወሰነው፤ ዋና ከተማዋም በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ግን ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል ርቃ እንድትቆረቆር ተስማሙ። የሁለት ከተሞች፣ የሲድኒና የሜልበርን፣ ፉክክር ሕገ መንግሥት ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው።

በሚቀጥለው እትም የስድስቱን ቅኝ ግዛቶች ሕዝበ ውሳኔዎች ቀን የያዘ ሰንጠረዥ፣ ከአንቀጽ 87 እና ስለ ዋና ከተማዋ ከሚደነግገው አንቀጽ 125 ትርጉም ጋር ብታወጡ ስሕተቱ ይታረማል።

አንድ አንባቢ