ካናዛዋን በጉዞ ዕቅዳችን እናስገባ

ውድ የጉዞ ማኅበራችን አባላት፣

ከቶኪዮና ከኪዮቶ ሌላ የት እንሂድ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ የጃፓኗ ከተማ ካናዛዋ ነው። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ ከደረሰ ወዲህ ከቶኪዮ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ሆናለች።

በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868) ከተማዋን ያስተዳደሩት የማኤዳ መሳፍንት በሀብት ከሾጉኑ፣ ማለትም ከአገሪቱ ወታደራዊ ገዢ፣ ቀጥለው የሚጠሩ ነበሩ፤ ሀብታቸውንም ለእደ ጥበብ አፍስሰዋል። ዛሬም የጃፓን የወርቅ ቅጠል (ለማስጌጫ እጅግ ሳስቶ የተቀጠቀጠ ወርቅ) ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠራው እዚሁ ነው። ካናዛዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቦምብ ስለተረፈች በናጋማቺ የሳሙራይ (የጥንት ጦረኞች) ሰፈር የጭቃ አጥሮቹ፣ በሂጋሺ ቻያ ሰፈር የእንጨት ሻይ ቤቶቹ አሁንም ቆመዋል። ለእነዚህ ጠባብ መንገዶች ሰፊ ጊዜ ስጡ።

የምመርጠው ወቅት የኅዳር መጀመሪያ ነው። በኬንሮኩኤን የአትክልት ስፍራ ቅጠሉ ይቀላል፤ አትክልተኞችም በረዶ ቅርንጫፎቹን እንዳይሰብር ጥዶቹን ከላይ በተዘረጉ ገመዶች ይደግፋሉ። የሸርጣን ወቅት ስለሚከፈት የኦሚቾ ገበያ ይደምቃል። ሸርጣን የማትበሉ የዳክዬ ወጡን ጂቡኒን ቅመሱ። ዓሣ የማትበሉ ደግሞ የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ሾርባ እንኳ ብዙውን ጊዜ በዓሣ መረቅ ስለሚሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዝናቡ ብዙ ነው፤ ጃንጥላ ያዙ። የነቢያት ጾም ሳይገባ እንድንመለስ የሚመቻችሁን ሳምንት እስከ እሑድ አሳውቁኝ።